ወለሉ የጠጣው ሲሚንቶ

ሲሚንቶ ጎደለ ማለት ግንበኛው ሰረቀ ማለት ነው፤ ቤት ያሠራ ሰው ሁሉ እንዲህ ይላል። ሐሰት ነው። የሚሰርቅ ግንበኛ የለም አላልኩም፤ የሚሰርቅ ዳኛም አለ፣ የሚሰርቅ ሰባኪም አለ። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ በዕድሜዬ ሲጎድል ካየሁት ሲሚንቶ አብዛኛውን የወሰደው የግንበኛ ትከሻ ሳይሆን የጸሐፊ ብዕር ነው። ይህን የማውቀው አንደኛው ብዕር የእኔ ስለነበረ ነው።

ከአብዮቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ የንግድ ሥራ ተምሬ፣ ዲላ ውስጥ ለአንድ ቡና ነጋዴ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። የነበረኝ ንብረት ሁለት ሱሪ፣ አንድ ክራባትና ለራሴ የሰጠሁት እጅግ ከፍ ያለ ግምት ነበር። የአገሩ ሰው ጌዴኦ ነው፤ እኛ ግን ያን ጊዜ በየወረቀታችን የምንጽፈው ሰዎቹ ራሳቸውን በማይጠሩበት ስም ነበር። የአንድን ሕዝብ ስም አሳስቶ የሚጽፍ ብዕር ወለል በትክክል ይለካል ብሎ ማመን ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አሠሪዬ ሐጂ ከድር ይባሉ ነበር። አንድ አሮጌ የቡና መጋዘን ነበራቸውና ለከተማው ክሊኒክ ይሁን ብለው ሰጡ፤ ለማደሻው የሚያስፈልገውን ሲሚንቶም ከሱቃቸው አዋጡ። ግድግዳው ደህና ነው። ጣራው ደህና ነው። ወለሉ ግን ሲሚንቶ ይባል እንጂ ተሰነጣጥቆ፣ ተቦርቡሮ፣ አንዱ ጥግ ከሌላው ከአንድ ጋት በላይ ሰምጦ ነበር። «በዚህ ላይ አልጋ ከተደረገማ» ይሉ ነበር ሐጂ፣ «በሽተኛው ሳይድን ተንሸራቶ በበሩ ይወጣል።»

ሥራውን የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ግራዝማች ወንድይፍራው ናቸው፤ ሰፊ የቡና መሬት ያላቸው፣ በከተማው ውስጥ እሳቸውን ሳያስፈቅዱ ሳል እንኳ የማይሳልባቸው ሰው። ጸሐፊው እኔ። ስንት ሲሚንቶ እንደሚያስፈልግ ገምቼ እንዳቀርብ ታዘዝኩ።

እዚህ ላይ አንባቢ ትንሽ ይታገሠኝ። አሮጌ ወለል ላይ አዲስ ሲሚንቶ ዝም ብሎ አይፈስም። ቢፈስ አይያያዝም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደ ደረቀ ቂጣ ይላጣል። ስለዚህ አሮጌው ወለል በመዶሻ ይጫራል፣ ይታጠባል፤ ከዚያ ንጹሕ ሲሚንቶ በውኃ እንደ ቀጭን አጥሚት ተበጥብጦ በብሩሽ ይቀባበታል። ግንበኞች ቦያካ ይሉታል። ቦያካው ሳይደርቅ ወለሉን የሚያስተካክለው የአሸዋና የሲሚንቶ ድብልቅ ይከተላል፤ አዲሱ አሮጌውን ነክሶ የሚይዘው በዚያ ነው። የድብልቁን መጠን መገመት ለማንም አይከብድም፤ ርዝመት፣ ስፋት፣ ውፍረት ነው። ጉዱ ያለው ቦያካው ላይ ነው።

እኔ ዘንድ ጉድ የሚባል ነገር አልነበረም። ሠንጠረዥ ያለው ትንሽ መጽሐፍ ነበረኝ። ከሠንጠረዡ በላይ «ለለሰለሰ ወለል» የሚል ቃል ተጽፏል። አንብቤዋለሁ። አንብቤ አለፍኩት።

ግንበኛው በራሶ ይባላል። የቡሌ ሰው ነው፤ ዲላ ሲኖር ብዙ ዓመቱ። ጸጉሩ ገብስማ፣ በአባቴ ዕድሜ ያለ። እኔ ግን «አንተ» ነበር የምለው፤ ክራባት ያሰረ ሰው በእጁ የሚሠራን ሰው እርስዎ ማለት ያን ጊዜ ወግ አልነበረም። መጋዘኑ ውስጥ በሜትር ስለካ ቆሞ አየኝ።

«ስንት ጻፍክ?» አለኝ።

«ለቦያካው ስድስት ከረጢት።»

«ወለሏን አየሃት?»

«ለካኋት። አሥራ ሁለት ሜትር በስምንት።»

«መለካትማ ለካህ። አየሃት ወይ?»

መልስ ሳይጠብቅ አንድ ጣሳ ውኃ አመጣና ከተጫረው ቦታ ላይ ቀስ አድርጎ አፈሰሰ። ከዚያ ተንበረከከና በጌዴኦኛ መዝሙር ጀመረ። የወንጌል አማኝ ነው፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው የሚዘመር መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ስንኝ ሳይጨርስ ውኃው የለም። ሰመጠ። በራሶም መዝሙሩን አቆመ።

«ደህና ወለል እስከ ሦስተኛው አዝማች ትጠብቃለች» አለኝ ተነሥቶ ጉልበቱን እያራገፈ። «ይቺ አንድ ስንኝ እንኳ አልጠበቀችም። ጠምታለች። ስንጥቋ ብዙ ነው፣ ጉድጓዷ ብዙ ነው። ከላይ ስታያት ትንሽ ናት፤ ከውስጥ ሰፊ ናት። አሥራ ሁለት ጻፍ።»

«ሲሚንቶ በመዝሙር ነው እንዴ የሚለካው?» አልኩና ሳቅሁ።

እሱም አብሮኝ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «በምን እንደምትለካው ያንተ ነው» አለ። «ብሩሹን የምይዘው ግን እኔ ነኝ።»

ስድስት ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም ፈረምኩ። ግራዝማች ወረቀቱን ከፍ አድርገው ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩና «ይህን የመሰለ የእጅ ጽሕፈት!» አሉ። ግምቱን አላዩም። ጽሕፈቱን ነው ያዩት። እኔም የተደሰትኩት በዚያው ነው።

ሥራው ማክሰኞ ተጀመረ። ሐሙስ ረፋድ ላይ የቦያካው ስድስት ከረጢት አለቀ፤ የተስተካከለው የመጋዘኑ ወለል ግማሽ ብቻ ነው። ክሊኒኩን የሚመርቅ ባለሥልጣን ከአዋሳ ሊመጣ ሳምንት ከጥቂት ቀን ቀርቶታል። ግራዝማች ሁለት ነጭ ለባሽ ታጣቂ አስከትለው መጡ።

«ስድስት ተጻፈ፣ ስድስት ገባ» አሉ በዱላቸው መሬቱን እየነኩ። «የሦስቱ ሥራ ይኸው። የቀረው ሦስት የት ገባ?»

«ወለሏ ጠጣችው» አለ በራሶ። እጁ እስከ ክርኑ በቦያካ እንደተለወሰ ነው።

ከነጭ ለባሾቹ አንደኛው ሳቀ። «እንኳን በላች አላልክ!»

ግራዝማች ወደ እኔ ዞሩ። «ጸሐፊ! ግምቱ ልክ ነው?»

አሁን አሁን ሰዎች «በዚያች ቅጽበት ምን እንደምል ጠፋኝ» ብለው ሲጽፉ አነባለሁ። እኔ አልጠፋኝም። ጣሳው፣ ውኃው፣ መዝሙሩ ሁሉ ፊቴ ላይ ነበር። «ልክ ነው» አልኩ።

«ማል!»

«ንጉሥ ይሙት!»

እንዲህ ነበር የምንምለው። ገበያ ላይ ለአንድ እፍኝ በርበሬም እንምላለን፤ መሐላ እንደ ምራቅ አፋችን ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ነበር።

«አንተም ማል» አሉት ግራዝማች በራሶን። «አልሰረቅሁም ብለህ በንጉሡ ማልና ተገላገል። እኔም ሰው ነኝ።»

«እኛ ዘንድ አይማልም» አለ በራሶ። «አልሰረቅሁም ብያለሁ። ከዚያ በላይ ቃል የለኝም።»

«በንጉሡ አልምልም ነው የምትለው?»

«በማንም።»

ሐሰተኛው ምዬ ነጻ ወጣሁ፤ እውነተኛው አልምልም ብሎ ተያዘ። በግራዝማች ሕግ መጽሐፍ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልነበረም፤ ያልሰረቀ ሰው ለምን መሐላ ይፈራል? እጁን በገዛ ኩታው አሰሩት። «ልታጠብ» አለ፣ «ሲሚንቶ ቆዳ ይበላል።» ውኃው በርሜል ውስጥ ሁለት እርምጃ ላይ ነበር። አላስታጠቡትም። ከግራዝማች ግቢ ውስጥ፣ ከጎተራው ጎን ባለች ክፍል ዘጉበት። የማሰር ሥልጣን ነበራቸው ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እኔ መጠየቅ የነበረብኝ ያን ዕለት መሆኑ ብቻ ነው።

ዓርብ ጠዋት አንዲት ሴት ወደ ቢሮዬ መጣች። የበራሶ ሚስት ናት። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዛለች፤ ልታቀብለው ሄዳ ከበር ተመልሳለች። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ ከእኔ አማርኛ ግን ይበልጥ ቀጥ ያለ ነበር።

«ጸሐፊው አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ባሌ ነግሮኛል። ወለሏን አሳየሁት፣ ጸሐፊው ሳቀ አለኝ። እኔም ሳቅሁ።» ቆጮውን ከአንድ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። «እጁ ቆስሏል አሉኝ። ውኃ አልሰጡትም። አሁን ማነው የሚስቅ?»

አላለቀሰችም፤ አልተሳደበችም። ብትሳደብ እመልስላት ነበር።

እሷ እንደሄደች መጋዘኑ ገባሁ። ማንም የለም። ያልተሠራው ግማሽ ላይ ቆምኩና አንድ ጣሳ ውኃ አፈሰስኩ። መዝሙር አላውቅም፤ በቃሌ የማውቀው የማባዣ ሠንጠረዥ ነው። ተንበርክኬ «ሁለት ጊዜ አንድ ሁለት፣ ሁለት ጊዜ ሁለት አራት» ማለት ጀመርኩ። ሁለት ጊዜ አምስት ላይ ሳልደርስ ወለሉ ደረቀ። ሌላ ቦታ አፈሰስኩ። ያው ነው። ቦታ ቀይሬ አፈሰስኩ። ትንሿን ጣቴን ከአንዱ ጉድጓድ ከተትኩ፤ ጫፉን አላገኘሁትም። ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ረጠበ። በሜትር ለክቼው፣ ጽፌለት፣ ምዬበት፣ ያን ወለል በእጄ ስነካው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

በቀጥታ ወደ ግራዝማች አልሄድኩም፤ ጀግና አልነበርኩም። ወደ ሐጂ ሱቅ ሄድኩና ሁሉንም ዘረገፍኩ። እሳቸው ጨርቅ እያጠፉ ሰሙኝ።

«ሲሚንቶው የማነው?» አሉኝ ስጨርስ።

«የእርስዎ።»

«እኔ ደግሞ ወላሂ ተሰረቅሁ አላልኩም። ታዲያ የእኔን ስርቆት ለግራዝማች ማን ሰጣቸው?» ጨርቁን አስቀመጡና ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «ና። ፊት ለፊት ግን የምትናገረው አንተ ነህ። የማልከው አንተ ነህና።»

ግራዝማች በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ግምቱ ስሕተት እንደሆነ፣ ግንበኛው አስቀድሞ ነግሮኝ እንደነበር፣ ሐሙስ ዕለት እያወቅሁ እንደማልኩ ተናገርኩ።

ግራዝማች አልተቆጡም። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያስቆጣኝ። ፈገግ አሉ።

«አየህ ልጄ» አሉኝ፣ «በንጉሡ ስም በሐሰት የማለ ሰው የሚደርስበትን ታውቃለህ። አንተ ደግሞ ብልህ ልጅ ነህ። ስለዚህ በሐሰት አልማልክም። በሐሰት ካልማልክ ግምቱ ልክ ነው። ግምቱ ልክ ከሆነ ሰውየው ሰርቋል። ሂድ፣ ሥራህን ሥራ።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ የአመክንዮ መጽሐፍ አንብቤያለሁ። እንዲህ የተስተካከለ፣ ምንም ስንጥቅ የሌለው አመክንዮ ግን አላገኘሁም። የተከፈተልኝ በር ነበር። አንድ እርምጃ ብቻ፣ አንድ «እሺ ጌታዬ» ብቻ፤ እኔ ወደ ጠረጴዛዬ፣ በራሶ እዚያው ጎተራው ጎን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እግሬ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። ያቆመኝ ከግቢው ጥግ ያየሁት ነገር ነው፤ ከበር የተመለሰችው ሚስቱ እንደምንም ገብታ፣ ቆጮዋን እንደያዘች ከጎተራው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ወደ እኛ አትመለከትም።

«ግምቱ ልክ አይደለም» አልኩ። «እንግዲያው እኔ ልታሰር።»

የግራዝማች ፈገግታ ጠፋ። ሐጂ ግን ቀደሙ።

«ወላሂ ማንም አይታሰር! ግራዝማች፣ እንግዳው እየመጣ ነው፤ ግማሽ ወለል ልናሳየው ነው? ነገ ስድስት ከረጢት ከሱቄ ላምጣ። ያው ሰው፣ ያው ብሩሽ፣ ያው ወለል። ሁላችን ቆመን እንይ። አንድ ከረጢት እንኳ ከተረፈ ሁለቱንም ይሰሯቸው።»

የተቀበሉት ፍትሕ አሳስቧቸው አይደለም። በከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ወለል የሚያስተካክል ሌላ ግንበኛ ስለሌለ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በራሶን አመጡት። የእጁ መዳፍ ተሰነጣጥቆ ደም አቋጥሯል። ሰላም አላለኝም፣ አላኮረፈኝምም፤ ወለሉን ነው ያየው። ጣሳውን አነሣ፣ ውኃውን አፈሰሰ፣ ተንበርክኮ መዝሙሩን ጀመረ።

«እስረኛ ይዘፍናል እንዴ?» አሉ ግራዝማች።

«እየለካ ነው» አልኩ እኔ።

ብሩሹን መጨበጥ ስላቃተው ጨርቅ ጠቀለለበት። ቦያካውን የሚበጠብጥለት ሰው ሲፈልግ ክራባቴን ፈትቼ ገባሁ። «ቀጥን አድርግ» ይለኛል፣ «አሁን በዛ፣ አሁን ጨምር።» እሱ ይቀባል፣ ሁለት ሠራተኞች ከኋላው ድብልቁን እያፈሰሱ በጣውላ ያስተካክላሉ። አንደኛው ከረጢት አለቀ። ሁለተኛው። ግራዝማች ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ። እያንዳንዱ ከረጢት ሲቀደድ በዓይናቸው ይከተሉታል፤ ወለሉ ሲውጠው ግን ወደ መስኮቱ ይመለከታሉ። አምስተኛው ሲያልቅ ገና ሰፊ ቦታ ይቀራል። ቢተርፍ እንታሰራለን ብዬ መፍራት ትቼ፣ ባይበቃስ ብዬ መፍራት ጀመርኩ።

ስድስተኛው ከሰዓት በኋላ አለቀ። በራሶ ባልዲውን ገልብጦ በብሩሹ ጠረገው። በሩ ጥግ አንዲት ደረቅ ቁራጭ ቀረች። ሐጂ ቀርበው አዩዋት።

«የእኔን መስገጃ ታህላለች» አሉ።

«አሥራ ሁለት ያልኩት ቀንሼ ነው» አለ በራሶ፣ እንደ አፈረ ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ። «ጸሐፊው እንዳይደነግጥ ብዬ።»

ሐጂ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ግራዝማች ተነሡ፤ ጫማቸው ላይ የተረጨችውን ቦያካ በመሐረብ ጠረጉ። «በል እንግዲህ፣ ያችንም ቶሎ ጨርስ» አሉና ወጡ። ይኸው ነው። ይቅርታ የለ፣ ተሳስቼ ነበር የለ። ኩታውን እንኳ አልመለሱለትም።

ምርቃቱ ደረሰ። የአዋሳው ባለሥልጣን በአዲሱ ወለል ላይ ወዲያ ወዲህ ተራመዱ። ግራዝማች ንግግር አደረጉ፤ የሐጂን ልግስና አመሰገኑ፣ የራሳቸውን ድካም አስታወሱ፤ ከዚያ «ሥራው ያለ እንከን ሊያልቅ የቻለው በወጣቱ ጸሐፊያችን ትክክለኛ ግምት ነው» ብለው በእጃቸው አመለከቱኝ። ተጨበጨበ። ስሙን ያላነሱት ሰው የመጥሪያ ወረቀት ስላልነበረው ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። እጁን ሚስቱ በጨርቅ ጠቅልላለታለች።

ጭብጨባው ሳያልቅ ወጥቼ አጠገቡ ሄድኩ።

«አቶ በራሶ» አልኩት፣ «ለምን አልማሉም? አንድ ቃል እኮ ነበር። እጅዎም ይተርፍ ነበር።»

«እርስዎ» መባሉ ገርሞት ወደ ሚስቱ ዞሮ በጌዴኦኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ትቶ አየኝ።

«እኔ የሠራሁትን አውቃለሁ» አለኝ። «የሚያውቅ ሰው ምን ያስምለዋል? የሚምለው የማያውቀው ነው።»

በወሩ ሥራዬን ለቀቅሁ። ሐጂ «እኔ ምን አደረግሁህ?» ብለው ተቀየሙኝ፤ ምንም አላደረጉኝም። ሳላያቸው የምፈርምባቸው ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ በዝተው ነበር፤ እያንዳንዱ ላይ የአንድ ሰው እጅ ታስሮ መታየት ጀመረኝ። ከዚያ ወዲህ ያልነካሁትን ነገር በቁጥር አልጻፍኩም። በዚህ ምክንያት ሹመት ቀርቶብኛል፤ ወዳጆችም «አስቸጋሪ» ይሉኛል። ይበሉኝ።

ዘመኑ ግን እስካሁን የግራዝማች ነው። ግራዝማቾቹ ሄዱ፣ ማዕረጉ ጠፋ፣ ሠንጠረዡ ከትንሿ መጽሐፌ ወጥቶ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ዛሬም ግን አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስድስት ይላል፣ ወለሉ አሥራ ሁለት ይጠጣል፤ ልዩነቱን የሚጠየቀው ብሩሽ የያዘው ነው። ጎረቤቴ ባለፈው ሳምንት ሳሎኑን ሲያሠራ «ሌቦች!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። ወለሉን አይቶት እንደሆነ ጠየቅሁት። «ሠንጠረዡ አለ እኮ!» አለኝ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ስለ በራሶ አዝኑ አልላችሁም፤ እሱ ኀዘናችሁን አይፈልግም። የምለምናችሁ ይህን ብቻ ነው። ሲሚንቶ ያነሰባችሁ ዕለት «ሌባ» ከማለታችሁ በፊት አንድ ጣሳ ውኃ ይዛችሁ ግቡ። ወለሉ ላይ አፍስሱ። ተንበርከኩና እስኪጠጣው ጠብቁ። መዝሙር ባታውቁ የማባዣ ሠንጠረዥ ይበቃል።